ይለፈኝ ያለችው ጥያቄ

ከመካኒሳ አቦ እስከ ለቡ መብራት ኃይል፣ ታክሲ ከተገኘና መንገዱ ካልተዘጋጋ፣ ሩብ ሰዓት ነው። ሩብ ሰዓት! ጸደንያ መኩሪያ ይህቺን ሩብ ሰዓት ለመጓዝ ሰባት ወር ከአሥራ አንድ ቀን ፈጀባት። ሰባቱን ወር እንተወው፤ ፍቅርም ነው፣ ፍርሃትም ነው፣ ይሁን። አሥራ አንዱን ቀን ግን ማን ይቅር ይበላት? እሷ ራሷ እንኳን ይቅር አላለችም። በዚያ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ታክሲው ጥግ ተቀምጣ "ምነው ጎማው በፈነዳ" እያለች ነበር።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ጸደንያ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። ወረዳ ውስጥ፣ ወሳኝ ኩነት ምዝገባ ክፍል ትሠራለች። የተወለደውን፣ ያገባውን፣ የተፋታውን፣ የሞተውን ትመዘግባለች። ጠዋት ለሕፃኑ የልደት፣ ከሰዓት ለአያቱ የሞት ወረቀት የሰጠችበት ቀን አለ። እዚያ ወንበር ላይ አራት ዓመት የተቀመጠ ሰው አንድ ጠባይ ያወጣል፤ አንዴ የሰፈረን ነገር ያምናል። የተመዘገበ ስም እንዲሁ በዋዛ አይሰረዝም፤ ማስረጃ አምጣ፣ ማመልከቻ ጻፍ፣ ነገ ተመለስ ይባልበታል። ይህ ጠባይ ለቢሮ ደግ ነው። ለፍቅር ግን፣ ወይ ጉድ!

ልዑልቃልን ያገኘችው ቴሌግራም ላይ ነው። አንድ መጽሐፍ የሚወያዩበት ግሩፕ ውስጥ አንዱ "ለመሆኑ ሰው ለምን ይኖራል?" ብሎ ጠየቀና አገር ተንጫጫ። ጸደንያ "ሲሞት ከልቡ የሚያለቅስለት አንድ ሰው ለማፍራት" ብላ ጻፈች። ልዑልቃል ወጋየሁ የሚባል ሰው ከሥሯ ገባና "እንዲያማ ከሆነ ሕይወት የለቅሶ ቀጠሮ ናት ማለት ነው። ሰው የሚኖረው ወደ ቤቱ እስኪጠራ ነው" አላት።

"ቤቱ የት ነው?"

"ሰማይ።"

"አድራሻው በወረዳ አልተመዘገበም" አለችው። በሳቅ የሚያለቅስ ፊት ላከላት። በዚያው ኢንቦክስ ገቡ፤ ከዚያ በኋላ ግሩፑን ዞር ብሎ ያየውም የለ።

እዚያ ለብቻቸው አንድ ጨዋታ ፈጠሩ። በየቅዳሜው ከሰዓት አንዱ ጋዜጠኛ፣ አንዱ እንግዳ ይሆናል። ጥያቄው አሥር ነው፤ መልሱ በድምፅ ነው፤ መዋሸት ክልክል ነው። ያልተመቸው ጥያቄ ሲመጣ እንግዳው "ይለፈኝ" ማለት ይችላል፤ ይለፈኝ የተባለ ጥያቄ ዳግመኛ አይነሳም፤ ጋዜጠኛውም ለምን እንደጠየቀ አያብራራም። ሕጉን ያወጣችው ጸደንያ ናት። ሌላ ማን ይሆናል! ልዑልቃል ሊፍት ጠጋኝ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ፎቅ ለፎቅ ሲወጣ ሲወርድ ይከርምና ቅዳሜ በዚያ ሞቅ ባለ ድምፁ "ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ አድማጮቻችን! መቼም አድማጭ የለንም" ብሎ ይጀምራል። እሷም ብቻዋን ቁጭ ብላ ትንከተከታለች።

መጀመሪያ ቀልድ ነበር። ሽሮ ይሻላል ጎመን፣ ዝናብ ይሻላል ፀሐይ። እየዋለ እያደረ ጥያቄው ጠለቀ። አንድ ቅዳሜ "ከሞት ምኑን ነው የምትፈሪው?" አላት። መልሱን ሦስት ጊዜ ቀርጻ ሦስት ጊዜ አጠፋችው። በአራተኛው "አንተ ሳትሰማ መሞቱን" አለችና ስልኩን ትራስ ሥር ደበቀችው። ያን ቀን ቃለ መጠይቁ በስድስተኛው ጥያቄ ላይ ቀረ። ለካ ሰው እንዲህም ይዋደዳል!

ታዲያ ለምን አልተገናኙም ትሉኛላችሁ። የልዑልቃል አባት ወንጌላዊ ናቸው፤ ከሆሳዕና መጥተው ለቡ ውስጥ ሲያገለግሉ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። የጸደንያ አባት አቶ መኩሪያ ደግሞ የእድር ዳኛ ናቸው፤ የአቦን ቅዳሴ አስታጉለው የማያውቁ። የዛሬ ሁለት ዓመት የወንድማቸው ልጅ ጴንጤ ስታገባ ገበታ ላይ ቁጭ ብለው "የኔዋ እንዲህ ያደረገች ዕለት ሞታለች ብዬ ድንኳን እተክላለሁ" አሉ። ጸደንያ ሰማች። መዘገበች። አለቀ።

ሌላም የመዘገበችው አለ። በሦስተኛው ወር ገደማ ጋዜጠኛዋ እሷ በነበረችበት ቅዳሜ "ከቤትህ ሰው ቢሞት ምን ላድርግልህ?" ብላ ጠይቃው ነበር። እሱም ያ ክርክር የሚወድ አፉ አያርፍም፣ "ምንም! አትምጪ" አላት። "ሰው ተሰብስቦ ከንፈሩን እየመጠጠ ሲያየኝ አልወድም። እኛ ዘንድ ሞት ወደ ቤት መግባት ነው፤ ምኑ ይለቀሳል? ብቻዬን ተዪኝ፤ ሲወጣልኝ እኔው እደውልልሻለሁ።" እሷም ወግ የማያውቅ ብላ ተሟገተችው፣ ለቅሶ ለሟች ሳይሆን ለቋሚ ነው አለችው፣ እሱ አልተረታም። በመጨረሻ "እሺ፣ ቃልህ ነው" አለችው።

በሰባተኛው ወር አጋማሽ ደግሞ ተራው የሱ ነበር። ዘጠኙን ጥያቄ እንደ ወትሮው እየቀለደ ጨረሰና አሥረኛው ላይ ድምፁ ረጋ አለ።

"እናቴ ምሳ ብትጠራሽ ትመጫለሽ?"

የጸደንያ ልብ ዘለለ። ወዲያው የአባቷ ድንኳን መጣባት። ደስታውና ፍርሃቱ አንድ ላይ ሲያጣድፏት የሚመጣባት አንድ ሳቅ አለ፤ ያንን ሳቀችና "ይለፈኝ፣ ጋዜጠኛ!" አለች። እሱም "እሺ" አላት። በቃ፣ እሺ ብቻ። ቅር እንዳለው ገብቷታል፤ ግን ሕግ ሕግ ነው፣ ደግሞ አልጠየቃትም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ዓርብ ጠዋት መልእክት መጣ። "እናቴ ወደ ጌታ ሄደች" ይላል። ከሥሩ የቤታቸው ሎኬሽን አለ።

ልብ በሉ፤ ሎኬሽን ልኮላታል! እናቱ የሞተችበት ሰው ሎኬሽን ሲልክ ምን ማለቱ እንደሆነ የአምስት ዓመት ሕፃን ይገባዋል። ለጸደንያ አልገባትም። እያለቀሰች "ነፍስ ይማር" ብላ ጻፈች፤ የሱ ሰዎች እንዲያ እንደማይሉ ትዝ ሲላት አጠፋችው። ጻፈች፣ አጠፋች። በመጨረሻ የላከችው ይህ ነው፦ "እግዚአብሔር ያጽናህ። ብቻህን መሆን እንደምትፈልግ ስለነገርከኝ አልረብሽህም። ሲወጣልህ ደውልልኝ።" ከላከች በኋላ ደግሞ ፈቃዱን ጠበቅሁለት ብላ፣ ይግረማችሁ፣ ልቧ ትንሽ ረካ።

አሥር ቀን ጠበቀች፤ አልደወለም። ሰኞ ዕለት ቢሮ ውስጥ ፊቷ ጠቁሮ ያየቻት የሥራ ባልደረባዋ እትዬ አማከለች ይዛ አፋጠጠቻት። ጸደንያ ነገሩን ነገረቻት።

"ታዲያ ለቅሶ ደረስሽ?"

"አትምጪ ብሎኛል እኮ፣ እትዬ።"

አማከለች ማኅተሙን አስቀምጣ አየቻት። "አንቺ ልጅ፣ ጤነኛ ነሽ? አትምጪ የሚል ሰው ነው እኮ በግድ የሚደረስለት! የጠላቴን ለቅሶ ደርሼ እመጣለሁ እንኳን የወደድኩትን!" አለችና ራሷን ነቀነቀች። "ለነገሩ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ሂጂ ግን። ዛሬውኑ ሂጂ።"

ዛሬውኑ አልሄደችም፤ ድፍረቱ በማግስቱ መጣ። እንግዲህ ያ ማክሰኞ፣ ያ ታክሲ፣ ያ ሩብ ሰዓት ይኸው ነው።

በሩን የከፈተችላት የልዑልቃል ታናሽ እህት ያኤል ናት። ጸደንያ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ፣ እኔ…" ከማለቷ ልጅቷ አቋረጠቻት።

"ጸደንያ ነሽ። ድምፅሽን አውቀዋለሁ። ሁላችንም እናውቀዋለን።" ደግ ቃል ይሁን ክፉ አይታወቅም። "ግቢ።"

ድንኳኑ ተነስቷል። ከቤተ ክርስቲያን የመጡት የፕላስቲክ ወንበሮች ግቢው ውስጥ ተደራርበው የሚወስዳቸውን ይጠብቃሉ። ሳሎን ውስጥ አቶ ወጋየሁ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን አጥፈው ብድግ አሉላት። ሽማግሌ ሰው፣ ሐዘንተኛ ሰው፣ ብድግ አሉላት! "ነይ ልጄ፣ ጌታ ይባርክሽ። መንገዱ አልከበደሽም?" ሲሏት መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ምን ትበል? ሩብ ሰዓት ነው ትበል?

ልዑልቃል ከጓሮ መጣ። ፎቶው ላይ የምታውቀው ጉንጭ የለም፤ ከስቷል፣ ጢሙ አድጓል። ሰባት ወር ሙሉ ዓይኑን እንዴት እንደምታየው ስታስብ ኖራ ነበር፤ አሁን ቀና ብላ ማየት አቃታት። እሱ ግን አያት፤ ደጋግሞ ከላይ እስከ ታች አያት፤ ሲናፍቁ ኖረው በክፉ ቀን ያገኙትን ሰው እንደሚያዩት።

"መጣሽ" አላት።

"መጣሁ።"

በረንዳው ላይ ወጡ። ከወንበሮቹ ሁለት ስቦ አንዱን ሰጣት፤ እሱ ግን አልተቀመጠም።

"ሦስት ቀን የድንኳኑን በር ሳይ ዋልኩ" አላት። "ነጠላ ያጣፋች ሴት በገባች ቁጥር ብድግ እላለሁ። አክስቴ 'ማንን ነው የምትጠብቀው?' አለችኝ። በሦስተኛው ቀን ተወችኝ፤ ገባት መሰለኝ።"

"አትምጪ ብለኸኝ ነበር እኮ፣ ልዑሌ! በድምፅህ። እስካሁን አለኝ…" ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች። አይ ጸደንያ! ማስረጃ ልታቀርብ!

"አትምጪ ያልኩሽ እናቴ በሕይወት እያለች ነው!"

ጮኸ። ድምፁ እስከ ሳሎን ተሰማ። ከዚያ ዝቅ አደረገው። "እናቱ እዚያ ጓዳ ቆማ ወጥ የምታማስል ልጅ ስለ ሞት ምን ያውቃል? ክርክር ነበር፣ ጸዲ። ልረታሽ ፈልጌ ነው። እኔ እስከዚያን ቀን ሰው ሞቶብኝ አያውቅም።"

ጸደንያ ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ መለሰችው።

"ደግሞ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ሳልነግርሽ ከቀረሁ ያንቀኛል። ያቺ የመጨረሻዋ ጥያቄ የኔ አልነበረችም።"

"የትኛዋ?"

"ምሳ ብትጠራሽ ትመጫለሽ ያልኩሽ። የሷ ናት። አድማጭ የለንም እያልኩ ስቀልድ እናቴ አልጋዋ ላይ ሆና ታዳምጥ ነበር። ከታመመች ጀምሮ ቅዳሜ ሲደርስ 'ያቺ ተከራካሪ ልጅ መጣች?' ትለኝ ነበር። ባንቺ መልስ ትስቃለች። አንዳንዴ 'እሷ ልክ ናት፣ አንተ ዝም በል' ትለኛለች።"

ልዑልቃል ሳያቋርጥ ቀጠለ።

"ያን ቅዳሜ ያኤልን ሹሩባ ሥሪኝ አለቻት። ከአልጋዋ ወርዳ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ አንቺ በስልክ የምታያት ይመስል። ጥያቄውን ጠየቅሁ። መልስሽ መጣ። ሳቅሽ፣ ከዚያ ይለፈኝ አልሽ።" ፊቱን ወደ ግቢው አዞረ። "ምን እንዳለች ታውቂያለሽ? 'ሳቋ ደስ ይላል፤ እኛ ነን የቸኮልነው፣ ሌላ ጊዜ ትመጣለች' አለች። ከዚያ ወደ አልጋዋ መልሱኝ አለችን። ዳግመኛ አልወረደችም።"

"ለምን አልነገርከኝም? ታማለች ብትለኝ… በእግሬም ቢሆን እመጣ ነበር!"

"ከለከለችኛ! 'አዝናልኝ እንዳትመጣ፤ ወዳ ትምጣ' አለች። ሕጉም ያንቺው ነው፤ ጋዜጠኛ አያብራራም።" ወንበሩን በእግሩ ገፋ አደረገው። "እኔስ ሕግ ምን ያደርግልኛል? ሕጉን ጥሼ ብነግርሽ ማን ያስረኝ ነበር?"

ያን ጊዜ ጸደንያ ተሰበረች። "እናቴን!" አለች፤ ደረቷን መታች። ከመካኒሳ የመጣ ለቅሶ ነው፤ በዚያ ቤት አሥራ አንድ ቀን ሙሉ መዝሙር እንጂ እንዲህ ያለ ድምፅ አልተሰማበትም። ያኤል ደንግጣ ከሳሎን ወጣች። አቶ ወጋየሁ ከውስጥ "ተዪያት፣ ታልቅስ" አሉ። ልዑልቃል ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ አለና ፊቱን በሁለት መዳፉ ሸፈነ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየችው። የወንጌላዊ ልጅ፣ የበኩር ልጅ፣ ሰው ሁሉ ሲያጽናና የሰነበተ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰ። ልታቅፈው እጇን ዘረጋች፤ ትከሻው ጋ ስትደርስ ፈራችና ነጠላዋን መልሳ ያዘች።

ሲረጋጉ ውሃ አመጣላት። ጠጣች። እሱ ብርጭቆውን ተቀበላትና በእጁ እያዞረ "አልጠላሁሽም" አላት። "ልጠላሽ ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም። ግን ሳይሽ እናቴን ነው የማየው፤ ያን ቀሚሷን ለብሳ ስትጠብቅ። ቅዳሜ ቅዳሜ አትላኪልኝ፣ እሺ?"

"እስከ መቼ?"

"አላውቅም።"

ግልጽ መልስ ስትወድ የኖረች ልጅ ናት። ይህቺን አላውቅም ይዛ ከበሩ ወጣች፤ እስከ ታክሲው ማንም አልሸኛትም፤ እሷም የሚሸኘኝ አለ ብላ ዞር አላለችም።

ቤት ስትደርስ አቶ መኩሪያ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ይቦርሻሉ። ሰውየው ዘነበ፣ አመመኝ፣ ታክሲ ጠፋ ሳይሉ የሰፈሩን ሙት ሁሉ የሚሸኙ ናቸው። የልጃቸውን ነጠላ አዩና ብሩሹን አቆሙ።

"የማን ለቅሶ ነው?"

ሌላ ቀን ቢሆን የሥራ ባልደረባ ትል ነበር። ያን ቀን ግን የምትፈራው ነገር ሁሉ አልቆባት ነበር።

"የአማቴ" አለች።

አቶ መኩሪያ አልገባቸውም። እሷም ቆማ ነገረቻቸው፤ ልጁን፣ ቅዳሜዎቹን፣ የልጁን አባት ወንጌላዊነት፣ የምሳውን ግብዣ፣ አሥራ አንዱን ቀን። እየጠበቀች ነበር፤ ድንኳኑን። እሳቸው ግን ብድግ ብለው ኮታቸውን መፈለግ ጀመሩ።

"አሥራ አንድ ቀን! ልጄ የምታውቀው ቤት ሰው ሞቶ መኩሪያ አሥራ አንድ ቀን ሳይደርስ! ምን ይሉኛል ሰዎቹ? ለምን አልነገርሽኝም?"

"ጴንጤ ናቸው እኮ፣ አባዬ።"

"ቢሆኑስ? ሞት መቼ ሃይማኖት ይጠይቃል? እኔ የስንቱን ቀብር ነው የሄድኩት!"

"ድንኳን እተክላለሁ ብለህ ነበር። የአጎቴ ልጅ ስታገባ። የኔዋ ያደረገች ዕለት ሞታለች እላለሁ ብለህ…"

"እኔ?" አቶ መኩሪያ ኮታቸውን በአንድ እጅ እንደያዙ ቆሙ። "መቼ?"

አላስታወሱትም። አፋቸውን ሞልተው የተናገሩትን፣ እሷ ሁለት ዓመት በልቧ ይዛ የዞረችበትን፣ አላስታወሱትም! ጸደንያ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።

"ተናግሬም ይሆናል" አሉ፤ ድምፃቸው ለሰለሰ። "ሰው ሲናደድ ስንቱን ይላል። ብትነግሪኝ እቆጣ ነበር፣ አልዋሽሽም። እንጮህ ነበር፤ ሳምንት እንኮራረፍም ነበር። አንቺም እኮ ክርክር አያቅትሽም። ግን ምሳ ጠርተውሽ ነበር አይደል? ብትጠይቂኝ ሂጂ እልሽ ነበር።"

ወይ ነዶ! አይታው የማታውቀውን ሰው ስለ ነፍስ፣ ስለ ሰማይ፣ ስለ ሰው ልጅ መጨረሻ በየቅዳሜው ስትጠይቅ የከረመች ልጅ፣ አባቷን አንድ ጥያቄ ጠይቃ አታውቅም።

አቶ መኩሪያ መጥተው ከጎኗ ተቀመጡ። ኮታቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። አንዷ ጫማ ተቦርሻለች፤ ሌላዋ አቧራዋን እንደያዘች ናት። "ነገ ጠዋት አብረን እንሄዳለን" አሉ። "ባዶ አፌን አልገባም፤ ባልየውን ሳጽናና የማነሳው ነገር ያስፈልገኛል። እስቲ ንገሪኝ፣ ሴትየዋ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?"

ጸደንያ አቧራማዋን ጫማ አነሳች።

"አላውቃቸውም፣ አባዬ" አለች። "ጠርተውኝ ነበር፤ አልሄድኩም።"